ያለቀ የጥንት አሜሪካ የመዳብ ሳንቲም፦ ማንነቱን የመለየትና ዋጋውን የመገመት ዝርዝር መመሪያ

በአሜሪካ አሮጌ ከተሞች፣ በተለይም በፔንስልቬኒያ፣ በኮኔቲከትና በኒው ጀርሲ፣ ከሟች ንብረት ሽያጭ የተገዛ የአዝራር ቆርቆሮ ሲራገፍ ወይም የአሮጌ ቤት ጓሮ ሲቆፈር፣ ከዛሬው ኳርተር (የ25 ሴንት ሳንቲም) የሚሰፋ፣ ጥቁር ቡናማ መልክ ያለውና ጽሑፉ ተፍቆ ሊጠፋ የደረሰ የመዳብ ሳንቲም መገኘቱ እንግዳ ነገር አይደለም። አብዛኛው ሰው እንዲህ ያለ ሳንቲም እጁ ሲገባ መጀመሪያ የሚፈልገው የተመታበትን ዓመት ነው፤ ዓመቱ ካልተነበበለትም ሳንቲሙን ዋጋ እንደሌለው ቆጥሮ ይተወዋል። በእኔ ልምድ ይህ አካሄድ የተገላቢጦሽ ነው። ያለቀ መዳብ ማንነቱን የሚናገረው መጀመሪያ በክብደቱ፣ ቀጥሎ በጠርዙ፣ ከዚያም በምስሉ አቀማመጥ ሲሆን፣ ዓመቱ ብዙ ጊዜ የሚገኘው በመጨረሻ ነው፤ አንዳንድ ጊዜም ዓመቱ ሙሉ በሙሉ ጠፍቶ ሳለ ሳንቲሙ መቼ እንደተመታ በእርግጠኝነት መናገር ይቻላል።

መመሪያው የሚመለከተው ሁለት ወገን ሳንቲሞችን ነው። የመጀመሪያው ወገን በፊላደልፊያ የተቋቋመው የፌዴራሉ መንግሥት የገንዘብ ማተሚያ ቤት ከ1793 እስከ 1857 ያወጣቸው አንድ ሴንትና ግማሽ ሴንት ናቸው። ሁለተኛው ወገን ደግሞ ማተሚያ ቤቱ በኤፕሪል 1792 በወጣው ሕግ ከመቋቋሙ በፊት፣ በተለይም ከ1785 እስከ 1788 ባለው ጊዜ፣ ክፍላተ ግዛቶቹ በየራሳቸው ያስመቱት መዳብ ነው። ዓመታቱ ሁሉ በሳንቲሞቹ ላይ እንደተጻፉት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው፤ «ሳንቲም» ስል ማንኛውንም የብረት ገንዘብ፣ «ሴንት» ስል ደግሞ የዶላር አንድ መቶኛ የሆነውን ማለቴ ነው።

ከሁሉ አስቀድሞ፦ አያጽዱት

የናስ ማንቆርቆሪያ በሎሚና በአመድ ሲፈተግ እያየ ያደገ ሰው ጠቆር ያለ መዳብ ሲያገኝ እጁ ወደ ሎሚ ይሄዳል። እኔም የመጀመሪያውን ትልቅ ሴንቴን ያበላሸሁት በዚሁ መንገድ ነው። የ1803 ሴንት ነበር፤ ምንም እንኳ በፊቱ የተቀረጸችው ሴት ፀጉር ተፍቆ ቢያልቅም ዓመቱ በግልጽ ይነበብ ነበር። በግማሽ ሎሚና በቁንጥር ጨው አሸሁት፤ ሁለት ደቂቃ ሳይሞላ ጠይም መልኩ ሄዶ እንደ አዲስ የቧንቧ መዳብ ሮዝማ ሆነ። በማግስቱ ለአንድ የሳንቲም ነጋዴ ሳሳየው አጉሊ መነጽሩን እንኳ ሳያነሣ «ታጥቧል» አለኝና መለሰልኝ። ያ ጠይም መልክ ቆሻሻ ሳይሆን መዳቡ በመቶ ዓመታት ውስጥ ከአየር ጋር ተዋሕዶ ያበጀው ቆዳ ነው፤ አንዴ ከተገፈፈ አይመለስም፣ ገዢም የሚከፍለው ለዚያ ቆዳ ነው።

ቅባት ወይም የፕላስተር ሙጫ ከተጣበቀበት ሳንቲሙን በብርጭቆ ውስጥ በንጹሕ አሴቶን መዘፍዘፍ ይቻላል። የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ ተብሎ የሚሸጠው ግን ቅባትና ሽቶ ስለሚቀላቀልበት አይሆንም፤ አሴቶን እሳት ወዳድ ስለሆነም መስኮት ተከፍቶ፣ ከምድጃ ርቆ መሠራት አለበት። ከመሬት የወጣ ሳንቲም ከሆነ በተጣራ ውሃ አቆይቶ፣ የለሰለሰውን አፈር በአጉሊ መነጽር እያዩ በእንጨት ስቴኪኒ ጫፍ ማንሣት ይበቃል። ጨርቅ፣ የጥርስ ብሩሽ፣ ኮምጣጤ፣ ኬችአፕ፣ የብረት ማጥሪያ ክሬም እነዚህ ሁሉ ሳንቲሙ አጠገብ መድረስ የለባቸውም።

የሚያስፈልገው ዕቃ ጥቂት ነው፦ እስከ አንድ መቶኛ ግራም የሚያነብ ትንሽ ዲጂታል ሚዛን፣ ስፋት የሚለካ ካሊፐር፣ ከ7 እስከ 10 እጥፍ የሚያጎላ መነጽርና እንደ ልብ የሚዞር የጠረጴዛ መብራት።

አንደኛ፦ ይመዝኑት፣ ይለኩት

የፌዴራሉ አንድ ሴንት ሲጀመር 13.48 ግራም ነበር። የመዳብ ዋጋ በመወደዱ በ1795 መጨረሻ ወደ 10.89 ግራም ዝቅ ተደረገና እስከ 1857 በዚያው ጸና። ግማሽ ሴንቱም በተመሳሳይ ጊዜ ከ6.74 ወደ 5.44 ግራም ወረደ። የአንዱ ሴንት ስፋት እንደየዘመኑ ከ26 እስከ 29 ሚሊ ሜትር፣ የግማሹ ደግሞ ከ22 እስከ 24 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ቀላል አስተሳሰብ ብዙ ይጠቅማል፤ ሳንቲም በማለቅ ክብደቱ ይቀንሳል እንጂ አይጨምርም። ስለዚህ ፊቱ ጨርሶ የተፋቀ ሴንት 12.6 ግራም ቢመዝን፣ አንድ ፊደል ሳይነበብ ከ1793 እስከ 1795 ከተመቱት ወፍራሞቹ አንዱ እንደሆነ መገመት ይቻላል፤ 10.4 ግራም የሚመዝን ከሆነ ግን ከ1795 መጨረሻ ወዲህ የተመታ በልኩ ያለቀ ሴንት ሊሆን ይችላል። የክፍላተ ግዛቶቹ መዳብ ከዚህ ይቀላል፤ የማሳቹሴትስ ሴንት በሕግ 10.2፣ የኒው ጀርሲው 9.7፣ የኮኔቲከቱ 9.3 ግራም ነበር። ሆኖም ያስመቱት ተቋራጮች ከእያንዳንዱ ሳንቲም ትንሽ ትንሽ መቀነስን አትራፊ ሥራ አድርገውት ስለነበር፣ 8 ወይም 7.5 ግራም የሚመዝን እውነተኛ የኮኔቲከት ሳንቲም ማግኘት የተለመደ ነው። ማግኔት ጠግተውም ይሞክሩ፤ መዳብ አይሳብም፣ ከተሳበ ጉዳዩ እዚያው አለቀ።

ሁለተኛ፦ ጠርዙን ያንብቡ

ሳንቲሙን በሁለት ጣት ጠርዙ ላይ ይዘው በመብራት ሥር ቀስ ብለው ያዙሩት። የጀማሪ ዓይን ወደ ጠርዝ አይሄድም፤ ነገር ግን ጠርዙ ከፊቱ ያነሰ ስለሚፋቅ፣ ፊቱ ለስልሶ ሳለ ጠርዙ ሊነበብ ይችላል። የ1793 የመጀመሪያዎቹ ሴንቶች ጠርዝ ላይ የሐረግና የሰረዝ ጌጥ አለ፤ ከዚያ ወዲህ እስከ 1795 የተመቱት ወፍራም ሴንቶች ጠርዝ ላይ ደግሞ «አንድ መቶው ለአንድ ዶላር» የሚል የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ተቀርጿል። በግማሽ ሴንቱ ላይ የሚገኘው «ሁለት መቶው ለአንድ ዶላር» የሚለው ነው። ክብደቱ ሲቀነስ ሳንቲሙ ስለሳሳ ጽሑፉ ቀርቶ ጠርዙ ልሙጥ ሆነ። ክብደቱና ጠርዙ ከተስማሙ ግማሽ መንገድ ተጉዘዋል ማለት ነው።

በጠርዙ ዙሪያ እንደ ክር የቀጠነ የስፌት መስመር ካዩ ግን ያቁሙ፤ ይህ ከሁለት ቅርፊት የተጋጠመ ወይም በቅርጽ የፈሰሰ ቅጂ ምልክት ነው፣ በኋላ እመለስበታለሁ።

ሦስተኛ፦ በአግድም ብርሃን ምስሉን ይፈልጉ

መብራቱን ከላይ ሳይሆን ከጎን፣ ከሳንቲሙ ከፍታ ትንሽ ብቻ ከፍ አድርገው ያስቀምጡትና ብርሃኑ ገጹን ታክኮ እንዲያልፍ ያድርጉ። ከዚያ መብራቱን ሳይሆን ሳንቲሙን ያዙሩ። ጠፍቷል ያሉት ፊደል በአንድ አቅጣጫ ጥላ ጥሎ ብቅ ይላል፣ ትንሽ ሲያዞሩት ይጠፋል። በስልክ ካሜራ ከስምንት አቅጣጫ ብርሃን ሥር ስምንት ፎቶ ማንሣት ከዓይን የተሻለ ውጤት ይሰጣል፤ በአንደኛው የታየውን ፊደል በሌላኛው ከታየው ጋር እያጋጠሙ ጽሑፉን በወረቀት ላይ መሙላት ይቻላል። እንፋሎት ያሳየኛል ብሎ መተንፈስ ግን የእርጥበት ነጥብ ትቶ ያልፋል።

እኛ «ዘውድ ወይስ ጎፈር» ብለን የምንለየው የአሜሪካኖቹ የፊትና የጀርባ አቀማመጥ እርስ በርሱ የተገለበጠ ነው፤ ፊቱን ቀጥ አድርገው ይዘው ከላይ ወደ ታች ቢያገላብጡት ጀርባው ቀጥ ብሎ ይታያል። ስለዚህ በአንዱ ገጽ የጭንቅላቱን አናት ካገኙ፣ በሌላው ገጽ የጽሑፉ ራስ የት መሆን እንዳለበት ያውቃሉ።

አሁን ለአንድ ሴንት ዋናው ጥያቄ ይህ ነው፦ የነጻነት ምልክት የሆነችው ሴት ፊቷን ወደየት አዙራለች? ወደ ቀኝ ከሆነ ሳንቲሙ ከ1793 እስከ 1807፣ ወደ ግራ ከሆነ ከ1808 እስከ 1857 የተመታ ነው። ፊቷ ቢፋቅም የአፍንጫዋና የአገጯ ጥላ ብዙ ጊዜ ይቀራል፤ እርሱም ካልቀረ የፀጉሯ ክምር ያለበት ወገን ከፊቷ ወገን ይልቅ ሰፊ ነው። የጀርባውም ምስክርነት አለ፤ ከቅጠል አክሊሉ በታች 1/100 የሚለው ክፍልፋይ ያለው እስከ 1807 ባሉት ላይ ነው፣ ከ1808 ወዲህ ቀርቷል። በግማሽ ሴንት ግን ሕጉ ይለያል፦ የ1793ቱ ወደ ግራ፣ ከ1794 እስከ 1808 ያሉት ወደ ቀኝ፣ ከ1809 ወዲህ ያሉት እንደገና ወደ ግራ ያያሉ፤ ከ1812 እስከ 1824 ደግሞ ግማሽ ሴንት የሚባል ነገር አልተመታም።

ወደ ቀኝ ከሚያዩት ሴንቶች መካከል ሊያስቡት የሚገባው የመጀመሪያው የ1793 ባለ ሰንሰለቱ ነው። ጀርባው ላይ፣ በአክሊል ፈንታ፣ ያኔ የነበሩትን 15 ክፍላተ ግዛቶች የሚወክል ባለ 15 ቀለበት ክብ ሰንሰለት አለው። የነጻነት ሴት ፀጉሯ በነፋስ እንደተበተነ ሆኖ መሣሏ፣ ይልቁንም ለነጻይቱ አገር ሰንሰለት መመረጡ፣ በጊዜው ጋዜጦች ስላስተቸው ወዲያው ተለወጠ፤ በጠቅላላ የተመታው 36,103 ብቻ ነው። ያለቀ ሳንቲም ለሚመረምር ሰው ከዚህ የሚበልጥ ምሳሌ የለም፦ ፊቱ እንደ ጠጠር ለስልሶ፣ ዓመቱም ጠፍቶ፣ በጀርባው ሦስት አራት የሰንሰለት ቀለበት ብቻ ቢታይ ሳንቲሙ የ1793 እንጂ የሌላ ዓመት ሊሆን አይችልም፤ በዚህ ሁኔታም እውነተኛ ከሆነ በሺህ የሚቆጠር ዶላር ያወጣል። እርሱን የተከተለው ባለ አክሊሉ የ1793 ሴንት በሴትዮዋ አንገትና በዓመቱ መካከል አንዲት የቅጠል ቀንበጥ አለችው።

ከ1793 መጨረሻ እስከ 1796 ያሉት ሴትዮዋ ከራሷ ጀርባ በዘንግ ላይ ቆብ ይዛለች፤ ፊቷ ቢጠፋ እንኳ ከግራ ወገን የቆቡ ክብና የዘንጉ መስመር ይታያል። ከ1796 እስከ 1807 ያሉት ላይ ቆቡ ቀርቶ፣ ፀጉሯ በጥብጣብ ታስሮ፣ ደረቷ ላይ ጨርቅ ተደርቧል። ያለቀ ሴንት የሚገዛ ሰው ከጥንቶቹ ብዙ ጊዜ የሚገጥመው ይህ ነው።

ወደ ግራ የሚያዩት ይቀልላሉ። ከ1808 እስከ 1814 ያሉት ግንባሯ ላይ «ሊበርቲ» የተጻፈበት መቀነት አስራለች፣ በግራዋ 7 በቀኟ 6 ኮከብ አለ፤ መዳባቸው ለስላሳ ስለነበረ ጠቁረውና ተፍቀው መገኘታቸው የተለመደ ነው። ከ1816 እስከ 1839 ያሉት አክሊል መሰል የራስ ጌጥና ዙሪያዋን የከበቡ ኮከቦች ያሏት ወፍራም ሴት፣ ከ1839 እስከ 1857 ያሉት ፀጉሯን ጎንጉና ከኋላ የሰበሰበች ቀጭን ወጣት ናቸው። በ1815 ዓመት የተጻፈበት ሴንት የለም፤ ከእንግሊዝ ጋር በተደረገው ጦርነት የመዳብ አቅርቦት ስለተቋረጠ ነው። «1815» የሚል ሴንት ካሳዩዎት ብዙ ጊዜ አሃዙ የተፋቀ ወይም የተቀየረ የሌላ ዓመት ሴንት፣ ለምሳሌ 1813፣ ነው።

አራተኛ፦ የክፍላተ ግዛቶቹ መዳብ ሲሆን

ክብደቱ ከ10 ግራም በታች፣ ስፋቱ ከ27 እስከ 29 ሚሊ ሜትር የሆነና በፊቱ የወንድ ጭንቅላት ያለበት መዳብ ብዙውን ጊዜ ከሦስት አንዱ ነው፦ የእንግሊዝ ግማሽ ፔኒ፣ የዚያ ሐሰተኛ ቅጂ፣ ወይም የኮኔቲከት አልያም የቬርሞንት ሳንቲም። የኮኔቲከቱ ሆነ ተብሎ የእንግሊዙን እንዲመስል ተሠርቷል፤ ሕዝቡ የለመደውን ይቀበላልና። ሁለቱም በጀርባቸው የተቀመጠች ሴት አለችባቸው፤ መለያው ጽሑፉ ነው። የእንግሊዙ በፊቱ የጆርጅን ስም፣ በጀርባው «ብሪታኒያ» ሲል፣ የኮኔቲከቱ በፊቱ «አውክቶሪ ኮኔክ»፣ በጀርባው «ኢንዴ ኤት ሊብ» ይላል። ያለቀ ሲሆን ከአንድ ቃል ሦስት ፊደል ብቻ ይተርፋልና፣ የተረፉት ፊደላት በስንት ሰዓት አቅጣጫ ላይ እንደቆሙ በወረቀት መዝግቦ ከታወቀ ሥዕል ጋር ማስተያየት ያስፈልጋል። የኮኔቲከት ሳንቲም ብቻ ከ300 በላይ ልዩ ልዩ ዓይነት አለው።

ሌሎቹ ራሳቸውን ያስተዋውቃሉ። የኒው ጀርሲው በፊቱ የፈረስ ጭንቅላትና ማረሻ፣ በጀርባው ጋሻ አለው፤ አንዳንድ ጊዜ በሌላ አሮጌ ሳንቲም ላይ ተደርቦ ስለሚመታ የበታቹ ሳንቲም ፊደላት ከሥር ሲያጮልቁ ቢያዩ አይደንግጡ፣ ሰብሳቢ ይወደዋል። የማሳቹሴትሱ ቀስት የያዘ የአገሬው ተወላጅና ንስር አለው። ፉጂዮ የሚባለው የ1787 ሳንቲም፣ ከክፍላተ ግዛቶቹ ሳይሆን ከኮንግረሱ የወጣ ቢሆንም ከእነዚህ ጋር የሚቆጠረው፣ በአንድ ገጽ የፀሐይ ሰዓትና «የራስህን ሥራ ሥራ» የሚል ምክር፣ በሌላው 13 የተያያዙ ቀለበቶች አሉት፤ ንድፉም የቤንጃሚን ፍራንክሊን እንደሆነ ይነገራል። የቬርሞንቱ የመጀመሪያዎቹ ዓይነቶች ከተራራ ኋላ የምትወጣ ፀሐይና ማረሻ ያሳያሉ፤ ከተራራው ጫፍ ላይ ያሉት ዛፎች ከተፋቁ በኋላም እንደ መጋዝ ጥርስ ሆነው ስለሚቀሩ በእነርሱ ይለያል።

አምስተኛ፦ ዓመቱና ዓይነቱ

በዚያ ዘመን የማተሚያው ብረት የሚቀረጸው በእጅ ነበር፤ ፊደሉም፣ ቅጠሉም፣ የዓመቱ አሃዝም አንድ በአንድ በመዶሻ ስለሚመታበት፣ ሁለት ብረቶች ፈጽሞ አንድ ዓይነት አይሆኑም። ሰብሳቢዎች ከ1793 እስከ 1814 ያሉትን ሴንቶች በዶክተር ዊልያም ሼልደን የተራ ቁጥር፣ ከ1 እስከ 295፣ የሚለዩት በዚህ ምክንያት ነው። የ1794 ሴንት ብቻ ከ50 በላይ ዓይነት ሲኖረው፣ ከእነርሱ አንዱ፣ ቁጥር 48፣ በጀርባው ክፈፍ ጥርሶች መካከል 94 ጥቃቅን ኮከቦች አሉት፤ አምስት ወይም ስድስት ኮከብ ብቻ የተረፈበት ያለቀ ሳንቲም እንኳ ከተራው የ1794 ሴንት በብዙ እጥፍ ይበልጣል።

ለዓይነት መለያ የሚሆኑት ከሌላው ቀድመው የማይፋቁ ነገሮች ናቸው፦ የዓመቱ አሃዞች እርስ በርስ ያላቸው ርቀት፣ የመጨረሻው አሃዝ ለደረቷ መቅረቡ ወይም መራቁ፣ የአክሊሉ የቅጠል ጫፍ በየትኛው ፊደል ሥር እንዳለ፣ ብረቱ ተሰንጥቆ በሳንቲሙ ላይ የተወው ከፍ ያለ መስመር። ስንጥቁ ከፍ ያለ መሆኑን ልብ ይበሉ፤ ወደ ውስጥ የገባ መስመር ጭረት ነው።

ሁለት ዓመታት ልዩ ጥንቃቄ ይሻሉ። የ1799 ሴንት ከመደበኛዎቹ ዓመታት ሁሉ ብርቁ ሲሆን፣ ከ1798 የመጨረሻውን አሃዝ በመቀየር ብዙ ተጭበርብሯል። የ1804 ሴንት የተመታው በአንድ ጥንድ ብረት ብቻ ስለሆነ መፈተኛው ቁርጥ ነው፦ በዓመቱ ውስጥ ያለው ዜሮ ከጀርባው «ኦፍ» ከሚለው ቃል የመጀመሪያ ፊደል ጋር በቀጥታ መደራረብ አለበት። የ1801 ወይም የ1803 አሃዝ ተፍቆ የተሠራ ከሆነ ይህ ግጥጥም አይገኝም። ከ1860 ገደማ በግል የተመታ ሌላ «1804» ደግሞ አለ፤ ጀርባው ከ1820 ሴንት ስለተወሰደ 1/100 የሚለው የለውም።

ዓመት በተጻፈበት ሁሉ የተመታበት እንዳልሆነ ለኢትዮጵያዊ አንባቢ መንገር ላያስፈልግ ይችላል፤ 1936 ዓመተ ምሕረት የሚል የተጻፈበት የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ መዳብ ሳንቲም ዓመቱ ሳይለወጥ ለዓመታት ሲመታ ቆይቷል፣ ከተመታባቸው ቤቶችም አንዱ ይኸው የፊላደልፊያው ነበር። ማለቅ በመዳብ ላይ ምን እንደሚመስል ለመለማመድም እነዚያ የተፋቁ አምስትና ዐሥር ሳንቲሞች ርካሽ መምህር ናቸው።

ስድስተኛ፦ ደረጃውን ይወስኑ

ሼልደን በ1949 ያወጣው ከ1 እስከ 70 የሚደርስ መለኪያ ዛሬ ለአሜሪካ ሳንቲም ሁሉ ይሠራል። ያለቀ ሳንቲም የሚገኘው በታችኛው ጫፍ ነው። ደረጃ 1 ምን ዓይነት ሳንቲም እንደሆነ ብቻ የሚለይበት፤ 3 የምስሉ ዝርዝር ጠፍቶ ዓመቱ በከፊል የሚታይበት፤ 4 የምስሉ ዙሪያ ሙሉ ሆኖ ዓመቱና ጽሑፉ የሚነበብበት፣ የውስጥ ዝርዝር ግን የሌለበት፤ 8 ጥቂት የፀጉር መስመር የሚታይበት፤ 12 ከፀጉሩ ግማሽ ያህሉ የሚለይበት ነው። ከ1816 ወዲህ ላሉት ፈጣኑ መንገድ በራስ ጌጧ ላይ ያለውን «ሊበርቲ» ማየት ነው፤ ሙሉ ቃሉ ከተነበበ ወደ 12 ይጠጋል።

ይህ ግን ከሥራው ግማሹ ብቻ ነው። በ1967 የተመሠረተው የጥንት አሜሪካ መዳብ ሰብሳቢዎች ማኅበር አባላት ሁለት ቁጥር ይሰጣሉ፤ አንዱ የምስሉ ጥራት፣ ሌላው ከጉድለቱ በኋላ የሚቀረው የተጣራ ደረጃ ነው። አንድ ሳንቲም በምስሉ 8 ሊባል ሲችል፣ ገጹ በዝገት ተቦርቡሮ ወይም ጠርዙ ተመትቶ ከሆነ የተጣራ ደረጃው 4 ወይም 3 ይሆናል። በእኔ አስተያየት ለጀማሪ ከሁሉ የሚከብደው ይህ ነው፤ ዓይን ለፊደል ይሳሳል፣ ገበያ ግን ለገጽ ይከፍላል። ለስላሳ፣ ጠይምና እኩል ያለቀ ደረጃ 4 ሳንቲም፣ ጥርት ያለ ነገር ግን የተቦረቦረ ደረጃ 12 ሳንቲምን ሲበልጥ ብዙ ጊዜ አይቻለሁ።

ሰባተኛ፦ ዋጋውን ይገምቱ

ዋጋ ሲፈልጉ ሻጭ የጠየቀውን ሳይሆን ገዢ የከፈለውን ይመልከቱ። ትልልቆቹ የጨረታ ቤቶች፣ ለምሳሌ ሄሪቴጅ፣ ያለፉ ሽያጮቻቸውን ከነፎቶው ለሕዝብ ክፍት አድርገዋል። ያንኑ ዓመት፣ ከተቻለም ያንኑ የሼልደን ቁጥር፣ በተቀራራቢ የተጣራ ደረጃ የተሸጡ አራት አምስት ሳንቲሞች ፈልገው ከፍተኛውንና ዝቅተኛውን ትተው መካከሉን ይያዙ።

አንድ ምሳሌ ላሳይ። በእጅዎ የ1798 ሴንት አለ እንበል፦ 10.31 ግራም፣ ልሙጥ ጠርዝ፣ ዓመቱ የሚነበብ፣ ፀጉሯ ላይ ጥቂት መስመር፣ ስለዚህ በምስሉ 8። በሰባት ሰዓት አቅጣጫ ጠርዙ ተመትቶ ጎድጉዷል፤ ጀርባው በቀላሉ ተቦርቡሯል። ለጠርዙ ሁለት ነጥብ፣ ለገጹ ሌላ ሁለት ነጥብ ሲቀንሱ የተጣራው 4 ይሆናል፤ የሚፈልጉትም የደረጃ 4 ሽያጭ ነው። ከዚያ ዓይነቱ ምን ያህል ብርቅ እንደሆነ ይጠይቁ። የብርቅነት መለኪያው 8 ደረጃ አለው፦ 1 ማለት ከ1,250 በላይ ይገኛል፣ 4 ማለት ከ76 እስከ 200፣ 6 ማለት ከ13 እስከ 30፣ 8 ማለት ከ3 የማይበልጥ ነው። እስከ 3 ያለው ዋጋውን ብዙም አያንቀሳቅስም፤ ከ5 ወዲህ ግን ያለቀ ሳንቲም እንኳ በዓይነት ሰብሳቢዎች መካከል ፉክክር ያስነሣል።

ለመነሻ ያህል፣ ከ1816 እስከ 1857 ያለ ተራ ዓመት ያለቀ ሴንት ዓመቱ እየተነበበ ከ15 እስከ 30 ዶላር አካባቢ ይሸጣል፤ ከ1796 እስከ 1807 ያለው ተራ ዓመት ንጹሕ ገጽ ካለው ከ50 እስከ 100 ዶላር ገደማ ሊደርስ ይችላል። 1799፣ 1804፣ ከዚያም በመጠኑ 1809፣ 1821ና 1823 ከዚህ ይወጣሉ። ቀዳዳ ያለበት ሳንቲም ብዙ ዋጋ ያጣል። የነጋዴ ስም በመዶሻ የተመታበት ግን የተለየ ነው፤ የጥንት ሐኪሞችና ሱቆች ሴንቱን እንደ ማስታወቂያ ስለተጠቀሙበት፣ ስሙ ከታወቀ ከሳንቲሙ በላይ ማኅተሙ ይሸጣል።

ስምንተኛ፦ ሐሰተኛውን ይለዩ

በቅርጽ የፈሰሰ ቅጂ ክብደቱ ይጎድላል፣ በአጉሊ መነጽር የአረፋ ጉድጓድ ይታይበታል። ከሁለት ቅርፊት የተጋጠመው ኤሌክትሮታይፕ በጠርዙ ስፌት አለው፤ በጣት ጫፍ ሚዛኑን ጠብቀው ቀስ ብለው ሲነኩት እንደ መዳብ አይጮኽም። ከሁሉ የሚያስቸግረው ባለፉት ዓመታት ከእውነተኛ ሳንቲም በተቀዳ ብረት የሚመታው አዲሱ ሐሰተኛ ነው፤ ክብደቱም መዳቡም ልክ ሊሆን ይችላል። የሚጋለጠው ቅጂው የተወሰደበት ሳንቲም የነበረው ጭረትና ጉድጓድ በሁሉም ላይ በአንድ ቦታ ስለሚደገም ነው። ውድ ዓይነት ከመግዛትዎ በፊት የሳንቲሙን ልዩ ጠባሳ በቀድሞ ጨረታ ፎቶዎች ላይ ይፈልጉ፤ ያው ጠባሳ በሌላ ሳንቲም ላይ ከተገኘ ሁለቱም ተጠርጣሪ ናቸው። የተገመተው ዋጋ ከጥቂት መቶ ዶላር ካለፈ ሳንቲም መርምረው ደረጃ ወደሚሰጡት ድርጅቶች፣ ወደ ፒሲጂኤስ ወይም ወደ ኤንጂሲ፣ መላክ ወጪውን ይመልሳል፤ የ20 ዶላር ሴንት ግን አይመልስም።

ማስቀመጫውን በተመለከተ፣ የሚሸት ለስላሳ ፕላስቲክ ከጊዜ በኋላ አረንጓዴ ቅባት ስለሚለቅ ይራቁት፤ የጥጥ ከረጢትና የወረቀት ፖስታ ይሻላል። በፖስታው ላይ በእርሳስ የሚጻፈው እንዲህ ያለ ነው፦ «1798፤ የሼልደን ቁጥር፤ 10.31 ግራም፤ ምስል 8፣ የተጣራ 4፤ ጠርዝ በ7 ሰዓት የተመታ፤ አልታጠበም፤ የተገዛበት ቀንና ዋጋ»። ጽሑፉ የሚጻፈው ሳንቲሙ ከመግባቱ በፊት ነው፤ ከገባ በኋላ ከተጻፈ የእርሳሱ ጫፍ በወረቀቱ በኩል መዳቡን ይጭራል።